ወንፊቱና ፋይሉ



ዘንድሮ ተመራቂ ነኝ። ከግቢ ከመውጣቴ በፊት ለተተኪ ማስረከብ ያለብኝ አንድ ፎልደር አለ። ፍላሽ ላይ የሚይዘው ቦታ ከጥቂት ነሺዳዎች አይበልጥም። ነገር ግን እዚሁ አቃቂ ቃሊቲ፣ ከግቢያችን በታክሲ ሃያ ደቂቃ በማይሞላ ርቀት ላይ የሚኖር የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ውሃ ሲጠማው ውሃ ማግኘቱ በዚያ ፎልደር ላይ የተንጠለጠለ ነው። ያጋነንኩ ከመሰላችሁ እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ፍረዱ።

ልጁ ሲወለድ አንጎሉ ላይ በደረሰ ጉዳት ምክንያት እጁም ምላሱም እንደ ልቡ አይታዘዙለትም። ሐኪሞቹ ሴሬብራል ፖልሲ ይሉታል። ይሰማል፣ ይረዳል፣ ይቀልዳል፤ ከመካከላችን አንዱን ሲያዳልጠው ከሁሉ ቀድሞ የሚስቀው እሱ ነው። በአፉ ግን መናገር አይችልም። የሚናገረው በታብሌት ነው። ስክሪኑ ላይ ሥዕል ያለባቸው ቁልፎች በአራት ረድፍና በአምስት ዓምድ ተደርድረዋል። አንዱን ሲነካው «ውሃ» ይላል፣ ሌላውን ሲነካው «ሽንቴ መጣ» ይላል። ድምፁ የማሽን አይደለም፤ በእሱ ዕድሜ ያለ የጎረቤት ልጅ ቃላቱን አንድ በአንድ እያለ የተቀዳ ነው። ይህን ሐሳብ ያመጡት እናቱ ናቸው፤ «ልጄ በትልቅ ሰው ድምፅ ሲናገር አልሰማም» ብለው። እኛ ሁላችንም «ማዘር» ነው የምንላቸው።

ችግሩ እጁ ነው። የሚሻለው ግራ እጁ ሲሆን፣ ጣቱ «ውሃ» ላይ ለመድረስ ሲነሳ ክንዱ ይወራጫል፤ መዳፉም ስክሪኑን እያበሰ በመንገዱ ሦስት አራት ቁልፍ ይነካል። የዛሬ ስክሪን ደግሞ መጫን አይፈልግም፣ ቆዳ ካረፈበት ይበቃዋል። ለዚህ የተገኘው መላ ኪጋርድ ይባላል። በስክሪኑ ላይ የሚጋደም፣ በየቁልፉ ትክክል ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ሰሌዳ ነው። እጁ ሰሌዳው ላይ ያርፋል፣ ይንሸራተታል፣ ቀዳዳውን ሲያገኝ ጣቱ ይገባል። የኛው ሰሌዳ ውፍረት አራት ሚሊ ሜትር ነው። በጣም ቢሳሳ መዳፉ በቀዳዳው በኩል ስክሪኑን ያገኘዋል፣ በጣም ቢወፍር ጣቱ ታች አይደርስም። ማዘር «ወንፊቱ» ይሉታል። እኛም ከእሳቸው ወርሰን ወንፊት ነው የምንለው፤ ከእንግዲህ እዚህም በዚሁ ስም ልጥራው።

ይህን እንደ ቅንጦት የሚያይ ካለ አንድ ነገር ልበል። ኢትዮጵያ በ2010 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በሁለተኛ አንቀጹ «ተግባቦት» ብሎ ከሚዘረዝራቸው መካከል ብሬልና ትልልቅ ፊደላት ብቻ ሳይሆኑ፣ ንግግርን የሚያግዙና የሚተኩ መንገዶችም አሉበት። እዚሁ ከተማችን ውስጥ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ የራሳቸው ልጅ ጉዳይ ነበር ያነሣሣቸው። እስከ ኅልፈታቸው እስከ 2021 እ.ኤ.አ. ድረስም መናገር ያቃታቸው ልጆች ቤት ተዘግቶባቸው እንዳይቀመጡ ሲታገሉ ኖረዋል። እኛ የያዝነው ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንዲት ጠባብ ጥግ ናት፤ አንድ ልጅ፣ አንድ ታብሌት፣ አንድ ወንፊት።

ውጭ አገር ወንፊቱ ለታወቁ ታብሌቶችና ለታወቁ የመነጋገሪያ አፖች ተዘጋጅቶ ይሸጣል። የእኛ ልጅ ታብሌት ከመርካቶ የተገዛ ባለ 10.1 ኢንች ነው፣ ሽፋኑ ከሌላ ሱቅ የመጣ ነው፣ የቃላቱን ገጽ ያደራጀው ቤተሰቡ ነው። ለዚህ ጥምረት የሚሸጥ ወንፊት የለም። ስለዚህ ከሦስት ዓመት በፊት በኸይር ሥራ ዘርፋችን የነበረ አንድ የሜካኒካል ወንድማችን ራሱ ዲዛይን አድርጎ በስሪዲ ፕሪንተር አተመለት። የሠራበት ፕሮግራም ኦፕንስካድ ይባላል፣ ነጻ ነው። ሌሎቹ ፕሮግራሞች ላይ በማውስ ይሣላል፤ ኦፕንስካድ ላይ ግን ቅርጹ በጽሑፍና በቁጥር ነው የሚገለጸው። በላዩ ላይ ደግሞ ሰዎች ወንፊት የሚያወጣ ዲዛይን ጽፈው በነጻ ለቀውታል። ተጠቃሚው ባዶ ቦታዎችን ይሞላል፤ የስክሪኑ ስፋት ስንት ነው፣ ረድፉ ስንት፣ ዓምዱ ስንት፣ ከላይ ያለው የዓረፍተ ነገር ሳጥን ቁመት ስንት፣ በቀዳዳና በቀዳዳ መካከል ያለው ድንበር ስንት። ሲጨርስ የሞላውን በአንድ ስም ያስቀምጠዋል። የተቀመጠ ዲዛይን የምንለው ይህን ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ጉዳዩ ያለው እዚህ ነውና። ፋይሉን በጽሑፍ መክፈቻ ብትከፍቱት የወንፊት ሥዕል አታገኙም። የምታገኙት የስምና የቁጥር ዝርዝር ነው። የተቀመጠው መልሱ ብቻ ነው፤ ጥያቄዎቹ ያሉት በሌላ ፋይል፣ በዲዛይኑ ፕሮግራም ውስጥ ነው። የማትሪክ ፈተናን አስቡት። የመልስ ወረቀታችሁ ላይ ጥያቄ የለም፤ ያጠቆራችሁት ክብ ብቻ ነው ያለው። የጥያቄው ወረቀት ኮድ ከተቀየረ ያው የመልስ ወረቀት ሌላ ውጤት ያመጣል። የወንፊቱ ፕሮግራም በየጊዜው ይሻሻላል፤ አዳዲስ ጥያቄዎች ይገባሉ፣ የድሮዎቹ ስማቸው ይለወጣል። ኦፕንስካድ ደግሞ የድሮውን የመልስ ዝርዝር ስትሰጡት አይጮህም። ስሙን የማያውቀውን መልስ ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ መልስ ላጣለት ጥያቄ ደግሞ ፕሮግራሙ ላይ አስቀድሞ የተጻፈውን ቁጥር ይወስዳል። ወንፊት ይወጣል፣ የሚያምር ወንፊት። የማን ልክ እንደሆነ ግን አይታወቅም።

ለረጅም ጊዜ ይህን ማወቅ አላስፈለገንም ነበር። ወንፊቱ አንዴ ታተመ፣ ሠራ፣ አለቀ። ወንድማችን ተመርቆ ድሬዳዋ ሥራ ያዘ። እኔ የተረከብኩት ስልክ ቁጥራቸውንና ፍላሹን ነው።

ባለፈው ዓመት ማዘር ደወሉ። ልጁ ምግብ ጠልቷል አሉ። «ውሃ ትፈልጋለህ ስለው በቃኝ ይላል፤ ብርጭቆውን ሳነሣ ያለቅሳል። ምግብ ሳቀርብ እምቢ ይላል፤ ሳነሣው ይጮኻል።» ሰዉ ደግሞ ከጎን ሆኖ ይመክራል፤ አንዱ አመል አውጥቷል ይላል፣ ሌላው ታብሌቱ አበላሽቶታል፣ ሰብስቡት ይላል። አባትየው የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆኑ ብዙ ቀን ቤት የሉም፤ ማዘር ብቻቸውን ግራ ገብቷቸዋል። ሌላም ነገር ነበር። አክስቱ ስትመጣ «አሰላሙ ዐለይኩም» እንዲል ይጠብቃሉ፤ እሱ ይነካል፤ ታብሌቱ ግን «ሽንቴ መጣ» ይላል። አክስት ትስቃለች። ልጁ አይስቅም።

ሄድን። ማዘር ሻይ እየቀዱ በመሀል አንዲት ነገር ጣል አደረጉ፤ «ይሄ ሁሉ የመጣው ሳሪስ ወንድሜ ቤት አድረን ከመጣን ወዲህ ነው»። ሳሪስ ያለው ቤት ዋይፋይ አለው። ታብሌቱ እዚያ አድሮ ራሱን አፕዴት አድርጓል። የመነጋገሪያው አፕ አዲስ ቨርዥን ደግሞ ከላይ ያለውን የዓረፍተ ነገር ሳጥን ከፍ አድርጎታል። ከ160 ፒክስል ወደ 208። አርባ ስምንት ፒክስል ብቻ።

አርባ ስምንት ፒክስል ስንት እንደሆነ እናስላው። ስክሪኑ 1920 በ1200 ነው፤ በ10.1 ኢንች ላይ አንድ ፒክስል 0.113 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ሳጥኑ የጨመረው 5.4 ሚሊ ሜትር ነው። አራቱ ረድፎች በቀረው ቦታ ተሸጋሽገው እያንዳንዳቸው ከ29.5 ወደ 28.1 ሚሊ ሜትር አነሱ። የመጀመሪያው ረድፍ 5.4፣ ሁለተኛው 4.1፣ ሦስተኛው 2.7፣ አራተኛው 1.4 ሚሊ ሜትር ወደ ታች ወረደ። ወንፊቱ ግን ፕላስቲክ ነው፣ የነበረበት ነው። በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ድንበር አራት ሚሊ ሜትር ስለሆነ በየቀዳዳው በኩል ሁለት ሁለት ሚሊ ሜትር ስሕተት ይሸፍንልናል። ለአራተኛው ረድፍ ይህ በቅቷል፣ ለሦስተኛውም ከሞላ ጎደል። ለላይኞቹ ሁለቱ አልበቃም። የሁለተኛው ረድፍ ቀዳዳ ላይኛ ጫፍ አሁን የሚያርፈው የመጀመሪያው ረድፍ ቁልፍ ግርጌ ላይ ነው። የመጀመሪያው ረድፍ ቀዳዳ ጫፍ ደግሞ የዓረፍተ ነገሩ ሳጥን ላይ ያርፋል፤ ሳጥኑ ሲነካ መጨረሻ የተባለውን ይደግማል።

ጤነኛ ጣት ቢሆን መሀል ለመሀል ስለሚገባ ምንም አይሰማውም ነበር፤ እኛ ራሳችን ስንሞክረው በትክክል ሠርቷል። ልጁ ግን ጣቱን የሚያቆመው በቀዳዳው ላይኛ ጫፍ ነው፤ እዚያ ተደግፎ ነው የሚነካው። «ውሃ» ያለው ከ«በቃኝ» ሥር ነው። «ምግብ» ያለው ከ«እምቢ» ሥር ነው። ውሃ እያለ ሲለምን ታብሌቱ በቃኝ ይልለታል፣ እናቱም ልጃቸውን አክብረው ብርጭቆውን ያነሣሉ። ይህን ስንነግራቸው ማዘር ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ስንት ቀን?» ብለው ጠየቁ። ከሳሪስ የተመለሱበትን ቀን ቆጥረን ነገርናቸው።

ለጊዜው የላይኛውን ቀዳዳ ጫፎች በወፍራም ፕላስተር አጠበብንና ወደ ግቢ ተመለስን። ትክክለኛው መፍትሔ ዲዛይኑን ከፍቶ አንድ ቁጥር መቀየር ነው፤ 160ን 208 ማድረግ። የአሥር ደቂቃ ሥራ ይመስላል። አንድ ሳምንት ፈጀ።

ፍላሹ ላይ የነበሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የተቀመጠው የመልስ ፋይልና ለፕሪንተሩ የወጣው የመጨረሻው ቅርጽ፣ ማለትም ኤስቲኤል የሚባለው። የዲዛይኑ ፕሮግራም አልነበረም፤ ሁልጊዜ ከኢንተርኔት ይገኛል በሚል ነው። ይገኛል፣ አዲሱ ቨርዥን። አውርደን ስንከፍተው የተቀመጡት ዲዛይኖች ዝርዝር ባዶ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጠፍቷል ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። አልጠፋም። ኦፕንስካድ የመልስ ፋይሉን የሚያውቀው በስሙ ነው። የፕሮግራሙ ፋይልና የመልሱ ፋይል አንድ ፎልደር ውስጥ፣ በአንድ ስም መቀመጥ አለባቸው፣ ቅጥያቸው ብቻ ነው የሚለያየው። አዲሱ ፕሮግራም የወረደው የቨርዥን ቁጥር ተጨምሮበት ስለነበር አልተዋወቁም። ስሙን አስተካከልን፣ ዝርዝሩ መጣ፣ የልጁን ዲዛይን መረጥነው፣ ወንፊቱ ስክሪኑ ላይ ወጣ። እልል ልንል ነበር።

ካሊፐርና የድሮውን ወንፊት ይዘን ብንለካ አንዱም አይገጥምም። አንዳንዱ መልስ ተወስዷል፣ አንዳንዱ ተትቷል። የረድፍና የዓምድ ቁጥር ትክክል ነው። የሳጥኑ ቁመት ድሮ በሚሊ ሜትር የተሞላ ነበር፣ አዲሱ በፒክስል ይጠይቃል፤ አሥራ ስምንት ሚሊ ሜትር አሥራ ስምንት ፒክስል ሆኖ ተነቧል።

አማርኛ በኮምፒውተር የጻፈ ሁሉ ይህን በሽታ ያውቀዋል። ቤታችሁ ወይም የአባታችሁ መሥሪያ ቤት ውስጥ በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በፓወር ግዕዝ ዘመን የተጻፈ ሰነድ ካለ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ክፈቱት። የሚወጣው የላቲን ምልክት ትርምስ ነው። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 3.0 የራሱን ቁጥሮች እስኪያገኝ ድረስ እያንዳንዱ ሶፍትዌር ለ«ሀ» የመሰለውን ቁጥር ይሰጥ ነበር። ሰነዱ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ዛሬም እንዳሉ ናቸው፣ አንዷም አልጠፋችም። የጠፋው የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደነበር የሚናገረው ነገር ነው። የዚያን ዘመን ጽሑፍ ሳይከስር ያተረፈው ሰነዱን ያስቀመጠ ብቻ አይደለም፤ ፎንቱን አብሮ ያስቀመጠ ወይም አስቀድሞ ወደ ዩኒኮድ የገለበጠ ነው።

ከእኔ ጋር ይሠራ የነበረው ወንድም ሁሉንም እንተወውና ከዜሮ እንለካው አለ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። እኔ ግን አንድ ነገር ያዝኩ። መጀመሪያ አዲሱ ፕሮግራም የድሮውን ወንፊት እንዳለ እንዲያወጣ እናድርገው፤ 208 የሚባለውን አሁን አንንካው። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከቀየርን ሲበላሽ የትኛው እንዳበላሸው አናውቅም። ላብ ውስጥ አስተማሪዎቻችን የሚጮኹብን ነገር ነው፣ እዚህ ላይ ነው የገባኝ።

ኦፕንስካድ ለዚህ የሚመች አንድ ትእዛዝ አለው፤ አንዱን ቅርጽ ከሌላው ቀንሶ የቀረውን ያሳያል። የድሮውን ኤስቲኤል አስገባንና አዲሱን ከእሱ ላይ ቀነስነው። ሁለቱ አንድ ቢሆኑ ምንም አይቀርም ነበር። መጀመሪያ ላይ የቀረው ግማሽ ወንፊት ነው። ሚሊ ሜትሩን ወደ ፒክስል ቀየርን፣ የቀረው ቀነሰ። ስሙ የተለወጠውን የድንበር ስፋት አገኘን፣ የቀረው ጥቂት ክር ሆነ። ከዚያ የጠርዙን ክብነት አስተካከልን። አንድ ነገር ግን አልሄድ አለ። በግራ በኩል ታች፣ አሥራ ስድስተኛው ቁልፍ ላይ፣ አንድ አራት ማዕዘን ቁራጭ ብቻዋን ቀረች። የድሮው ወንፊት እዚያ ላይ ቀዳዳ የለውም፣ ድፍን ነው። አዲሱ ይበሳዋል።

ፋይሉ ይህን ያውቃል፤ «16 ዝጋ» የሚል መልስ አለ፣ አዲሱ በሌላ ስም ስለሚጠይቅ አልፎት ነው። ለምን እንደተዘጋ ግን ፋይሉ አይናገርም። ወንድሜ «ረስቶት ነው፣ እንክፈተው፣ አንድ ቃል እናተርፋለን» አለ። ድሬዳዋ ደወልን። መልሱ አጭር ነበር፤ «የግራ እጁ አንጓ የሚያርፈው እዚያ ነው። ከፈታችሁት ሌላ ቃል በነካ ቁጥር እሱም ይነካል።» ይህን ያወቀው አምስት ቅዳሜ ከልጁ አጠገብ ተቀምጦ አይቶ ነው። አምስት ቅዳሜ በአንዲት ቁጥር ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ስልኩን ባያነሣ ኖሮ እንደ ስሕተት አርመነው ነበር።

የቀረው ቀላል ነው። ልዩነቱ ባዶ ሲሆን 160ን ወደ 208 ቀየርን። ወዲያው አላተምንም። የወንፊቱን ጠፍጣፋ ሥዕል አውጥተን ኤ4 ወረቀት ላይ አሳተምን፣ ቀዳዳዎቹን በምላጭ ቆርጠን ታብሌቱ ላይ አጋደምነው። ፕላስቲኩ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፣ መብራት ከሄደ ደግሞ እንደገና ነው፤ ወረቀት ግን ወጪው ቀላል ነው። ለሚሞክር ሰው አንድ ምክር ልስጥ። ፎቶ ኮፒ ቤት ስታሳትሙ ማሽኑ ገጹን ለማብቃቃት ራሱ ያሳንሰዋል፤ ሥዕሉ ላይ የ100 ሚሊ ሜትር መስመር ጨምሩና በማስመሪያ ለኩት። በተረፈ ወንፊቱን ፀሐይ ላይ ባቆመ ታክሲ ዳሽቦርድ ላይ አትተዉት፤ እኛ የምንጠቀምበት ፒኤልኤ ፕላስቲክ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይለሰልሳል፣ ይጣመማል።

አዲሱን ወንፊት የወሰድነው ዐስር ሰግደን ነው። ልጁ ጣቱን አስገባ፣ «ውሃ» አለ። ጠጣ። ብርጭቆው ሳያልቅ እንደገና «ውሃ» አለ። ከዚያ እንደገና። ማዘር «ጠምቶት አይደለም፣ እየሞከረን ነው» አሉ፣ ግን እያንዳንዱን ጊዜ ቀዱለት። አልሐምዱሊላህ።

ከዚያ ወዲህ በመካከላችን አንድ ክርክር አለ፣ ዛሬም አልተቋጨም። አብሮኝ የሠራው ወንድም ሁሉም ነገር ይቆለፍ ይላል፤ የታብሌቱ አፕዴት ይዘጋ፣ የድሮው ፕሮግራም ይቀመጥ፣ የሚሠራን ነገር ማን ይነካል? ግማሹን እቀበለዋለሁ። አፕዴቱን ዘግተነዋል። ፎልደሩ ውስጥም አሁን ዲዛይኑ፣ ወንፊቱን ያወጣው ቨርዥን፣ የኦፕንስካድ መጫኛው ራሱ፣ የመጨረሻው ኤስቲኤል፣ ማስመሪያ ጎኑ ላይ የተጋደመበት የስክሪኑ ፎቶ ሁሉ አብረው አሉ። መቆለፍ ግን ታብሌቱ እስኪወድቅ ድረስ ነው የሚሠራው። ልጁ አንድ ቀን ሲወራጭ ይሰብረዋል፣ ሁለቱን ሰብሯል። ያን ቀን መርካቶ ላይ የሚገኘው ሌላ ዓይነት ነው፣ ሌላ ስክሪን፣ ሌላ አፕ፣ ሌላ ቨርዥን። ያን ቀን ወንፊቱን የሚያወጣው ሰው ይህን መንገድ አንዴ ሄዶበት የማያውቅ ከሆነ ልጁ ስንት ሳምንት ነው በቃኝ የሚለው?

ስለዚህ አንድ ሥርዓት አቀረብኩ፣ ዘርፉም ተቀብሎታል። ፎልደሩ ውስጥ አንድ ገጽ የተጻፈ ወረቀት አለ፣ በተራ አማርኛ። ልኩ ሁሉ በሚሊ ሜትርም በፒክስልም ተጽፏል፣ ከጎኑም ምክንያቱ አለ፤ 16 ለምን ድፍን ሆነ፣ የ«ሽንቴ መጣ» ቀዳዳ ለምን ከሌሎቹ ሰፋ (ሲቸኩል እጁ ይበልጥ ይወራጫል)፣ ጣቱ የትኛውን ጫፍ ይደገፋል። አዲስ የሚረከብ ሰው የተቀመጠውን ዲዛይን አይከፍትም። ወረቀቱን ብቻ ይዞ፣ በዚያ ዓመት ባለው አዲስ ቨርዥን፣ ወንፊቱን ከባዶ ያወጣል። ከዚያ ካለው ላይ ቀንሶ ያያል። የሚተርፍ ቁራጭ ካለ ወይ ወረቀቱ ጎድሎታል ወይ ሰውየው አልገባውም፤ ሁለቱም የሚስተካከሉት እኛ ገና ግቢ ሳለን ነው። ሥራ ማብዛት ነው የሚሉ አሉ። በዓመት አንድ ቅዳሜ ነው።

እኔን የሚተኩ ሁለት ሰዎች እንፈልጋለን፣ ቢቻል የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች፣ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲቆዩ። ሜካኒካል መሆን ግዴታ አይደለም፤ ማስመሪያ ማንበብና ትዕግሥት ይበቃል። አንዷ እህት ብትሆን ማዘር ደስ ይላቸዋል። ከዙህር በኋላ የኸይር ሥራ ዘርፉን ልጆች ጠይቁ።

የሚጠብቃችሁ ሥራም አለ። ልጁ አዲስ ቃል ፈልጓል። አክስቱ ጉንጩን እየሳመች አልለቀው ስትል «እምቢ፣ እምቢ፣ እምቢ» ይላል፣ ማንም አይሰማውም። ታናሽ እህቱ ናት የገባት፤ «ተወኝ ማለት ነው የፈለገው» አለች፣ እሱም በሳቅ ፈነዳ። ማዘር ሰው ያስቀይማል ብለው ተቃወሙ። አባትየው ስልክ ላይ ሆነው «ይግባለት» አሉ። ከዚያ ቃሉ ራሱ አስቸገረ። «ተወኝ» ካልን ለወንድ ብቻ ነው፣ «ተይኝ» ካልን ለሴት፣ ቁልፉ ደግሞ አንድ ነው። «ተዉኝ» ቢሆን ለሁሉም ይሆናል፣ ለትልቅ ሰውም አክብሮት አለው ስንላቸው ማዘር ትንሽ ለዘብ ብለዋል። ነገር ግን ባዶ ቀዳዳ የለም፤ አሥራ ዘጠኙም ተይዘዋል። አምስተኛ ረድፍ ከተጨመረ የእያንዳንዱ ቁመት ወደ 22.5 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፣ ድንበሩ ሲቀነስ ለጣቱ የሚቀረው 18.5 ነው። በወረቀት ቆርጠን አሞክረነው ከአሥር ጊዜ ሰባቱን ገባለት። ድንበሩን ወደ ሦስት ሚሊ ሜትር ማጥበብ ይቻላል፣ ፕላስቲኩ ግን ይሰበር ይሆን የሚለውን ገና አልሞከርንም።